ሲጢጥ የሚለው ፔዳል

አንባቢ ሆይ! በዚህ ዓምድ ስለ ጎማ አለጣጠፍ በተጨዋወትን ጊዜ ሌላውን የቢስክሌት በሽታ ለሌላ ቀን አቆይቼው ነበር። ቀኑ ደረሰ። በሽታው እግርዎ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር «ሲጢጥ፤ ቋ!» የሚለው ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ እንደ ጎረቤት ውሻ ጩኸት ለምዶት ይኖራል። እኔም ለምጄው ነበር፤ መልመዴ ምን እንዳስከተለ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የቢስክሌት አካል ባዶ የብረት ቱቦ ስለ ሆነ እንደ ክራር ገበቴ ያስተጋባል፤ ከኮርቻው ሥር የተነሣውን ድምፅ ከእግርዎ ሥር የተነሣ ያስመስለዋል። ስለዚህ ጆሮዎን ብቻ አይመኑ። ሜዳ መንገድ ላይ መርገጥዎን ያቁሙና ቢስክሌቱ በራሱ ኃይል ይሂድ፤ ድምፁ ካልቆመ ነገሩ ከጎማው ወይም ከሌላ ስፍራ ነው። ከቆመ ደግሞ ከኮርቻው ብድግ ብለው ይርገጡ፤ በዚህ ጊዜ ከጠፋ ጥፋተኛው ኮርቻው ነው። ተቀምጠውም ቆመውም የሚሰሙት ከሆነ ግን ከፔዳሉ፣ ፔዳሉን ከያዘው ክንድ ወይም ክንዱ ከታሰረበት ዘንግ ብዙ አይርቅም። አሁን ይውረዱና ክንዶቹን በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዟቸው። አንዱ ክንድ ብቻውን ከተነቃነቀ የላላው እሱ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ የላላው በውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው።

የድምፁ ምክንያት ረቂቅ አይደለም። ተጣብቀው መኖር የሚገባቸው ሁለት ብረቶች ሲላሉ በያንዳንዱ ርግጫ ለዓይን የማይታይ ያህል ይንሸራተታሉ። አቧራ ከገባባቸው ወይም ከደረቁ ደግሞ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይላሉ፤ ሲጢጥ የሚለው ይኸው ነው።

አንዳንድ ጊዜ መድኃኒቱ ከዋጋ ሁሉ የረከሰ ነው። ፔዳሉን ከክንዱ ፈትተው ጥርሱን በላምባ ይጠቡ፤ በጨርቅ አድርቀው ጥቂት ግራሶ ይቀቡና መልሰው ያጥብቁ። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ስለ ሆነ የሚፈታው ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን ባለማወቅ ቁልፍ የሰበረ ጎበዝ አይቻለሁ።

ከባዱ ነገር ክንዱ ራሱ ሲላላ ነው። በቀድሞው ዓይነት ቢስክሌት፣ በእንግሊዙ ራሌይም ሆነ በቻይናው ፊኒክስ ከባድ ቢስክሌቶች፣ ክንዱን ከዘንጉ ጋራ የሚያስረው አንድ ጎኑ የተላገ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። በጫፉ ላይ ዳዶ አለው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዳዶውን በማጥበቅ ሽብልቁን ስቦ የሚያስገባ ይመስለዋል። ዳዶው ግን ለዚያ የሚበቃ ኃይል የለውም፤ ሥራው የገባውን ሽብልቅ እንዳይወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ማስገባት ያለበት መዶሻ ወይም መጭመቂያ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። ባሕር ዳር ሳስተምር አንድ ፊኒክስ ነበረችኝ። ክንዷ መጮኽ ስትጀምር ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት፤ እሱም ዳዶውን አጥብቆ መለሰልኝ። ሁለት ቀን ዝም አለች፤ በሦስተኛው ቀን ጀመረች። እኔም የተማሪ ደብተር ከማረም ጊዜ አጥቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጮኸች ነዳኋት። በ8ኛ ክፍል ፈተና ጧት የቤት አከራዬ ልጅ ረፈደብኝ ብሎ ቢለምነኝ ሰጠሁት። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ብድግ ብሎ ሲረግጥ የተበላው ሽብልቅ ለቀቀና ክንዱ በዘንጉ ላይ ዞረ። ልጁ በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ፤ አንጓው ተሰበረ። በዚያ ዓመት አልተፈተነም። እናቱ አልተቆጡኝም። «መምህር፣ ድምፁን እኮ እኛም ከቤት ሆነን እንሰማው ነበር» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳዶውን ፈትተው አሮጌውን ሽብልቅ ያውጡ። በተላገው ጎኑ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካለ ይጣሉት፤ ከመጣልዎ በፊት ግን ለናሙና ወደ ሱቅ ይውሰዱት፤ ውፍረቱ 9 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ባይን ግምት አይለይም። አዲሱን ሲያስገቡ የተላገው ጎን ከዘንጉ ልሙጥ ፊት ጋራ ይግጠም። ከክንዱ በታች ጠንካራ ድጋፍ፣ ለምሳሌ ከወለል የቆመ ወፍራም የብረት ቱቦ ያድርጉ፤ ያለ ድጋፍ የሚመታ መዶሻ ኃይሉ ሁሉ ወደ ኩሽኔታው ሄዶ ብዮቹ የሚሽከረከሩበትን መንገድ ይጎዳል። ሽብልቁን በደንብ ከመቱ በኋላ ዳዶውን ያጥብቁ። ጥቂት ቀን ከነዱ በኋላ እንደ ገና መታ መታ አድርገው ዳዶውን ይድገሙት። የሁለቱ ክንዶች ሽብልቆች አገባብም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ቢገለበጥ ሁለቱ ፔዳሎች ትይዩ መሆናቸው ይቀርና እንደ አንካሳ ይነዳሉ።

በአዲሶቹ ቢስክሌቶች ሽብልቁ ቀርቶ ክንዱ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ በብሎን ይጠብቃል። ለዚህ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ እጀታው 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ18 እስከ 20 ኪሎ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ያህል ነው። ክንዱ አልሙኒየም ከሆነ ላልቶ አንድ ቀን እንኳ አይንዱት፤ ማዕዘኑ ይከብና ከዚያ ወዲያ ቢያጠብቁትም አይይዝም፤ ክንዱን መለወጥ ግድ ይሆናል።

የአከራዬ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኖ አለፈ። ፊኒክሷን አሁንም ይዋሳል፤ ከመውጣቱ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ክንዶች ይወዘውዛል፤ እኔን ግን አይጠይቀኝም።