ብርሃን ከመጨመር በፊት ብክነትን መግታት

ዓይን የማያየውን ጨረር ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጡት የናኖ ቅንጣቶች ነገር በተማሪዎች ዘንድ እየተነሣ ነው። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ ይተርቢየም የ980 ናኖሜትር ጨረር ተቀብሎ ጉልበቱን ለኤርቢየም ያቀብላል፤ ኤርቢየምም የሁለት ፎቶኖችን ጉልበት አጠራቅሞ አንድ አረንጓዴ ወይም ቀይ ፎቶን ያወጣል። ይህንን ቅብብል ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኦዜል በ1966 እ.ኤ.አ. አስረድቷል።

ብርሃኑ እንዲበረታ ሲፈለግ ብዙዎች የሚያስቡት አዮን መጨመርን ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። አዮኖቹ በተጠጋጉ ቁጥር ጉልበቱ ካንዱ ወዳንዱ እየተላለፈ እስከ ቅንጣቱ ገጽ ይደርሳል፤ በዚያም በውሃና በሌሎች ሞለኪውሎች ንዝረት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ገጹን ሳይጠብቁ አዮን ማብዛት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። አስቀድሞ ይተርቢየምም ኤርቢየምም የሌለበት የሶዲየም ኢትሪየም ፍሎራይድ ስስ ሽፋን ይልበስ፤ ከዚያ ወዲያ አዮን መጨመሩም ፍሬ ይሰጣል።

ሁለተኛው የሐቀኝነት ጉዳይ ነው። ሥራው የሁለት ፎቶኖች ስለሆነ ብቃቱ ከሌዘሩ ብርታት ጋር ይለዋወጣል። ሌዘሩ በካሬ ሴንቲሜትር ስንት ዋት እንደሆነ ሳይጻፍ «ብቃቱ 10 እጥፍ አደገ» ማለት ሚዛኑን ደብቆ እህል እንደ መሸጥ ነው። የደመቀ ፎቶግራፍም ቁጥርን አይተካም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ይህ ቁጥር የጎደለውን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳይቀበሉ እንጠይቃለን፤ የራሳችንም ቢሆን ይመለስ። ያለዚያ ከኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ሥራችንን ደግሞ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ሊረጋገጥ የማይችል ሥራም ዕውቀት ሊባል አይገባውም።