ከምረቃ በኋላ ረዳት ዳኝነት፦ መቀበል ወይስ መተው?

ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ ወይም ከአማራ ሳይንት መጥቶ የአምስት ዓመት የሕግ ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ፣ የመውጫ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ከሚከፈቱለት ጥቂት በሮች አንዱ ረዳት ዳኝነት ነው። ሌሎቹ የታወቁ ናቸው፤ ዐቃቤ ሕግነት፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የባንክ ነገረ ፈጅነት፣ በጠበቃ ሥር መሥራት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት። ምሩቃን ስለዚህ ምርጫ ምክር ሲሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የደመወዙን መጠንና ለዳኝነት ለመሾም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበት ልጅ ስለ ደመወዝ ባይጠይቅ ይገርመኝ ነበር። ውሳኔውን ሊመራ የሚገባው ግን ሌላ ጥያቄ ይመስለኛል። ረዳቱ የሚመደብለት ዳኛ መዝገቡን ራሱ ያነባል ወይስ አያነብም?

ነገሩን ለማስረዳት የሥራውን አጀማመር ከሌላ አገር እናንሣ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበላይ ዳኛ የነበሩት ሆራስ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. አዲስ የሕግ ምሩቅ በራሳቸው ገንዘብ ቀጠሩ። በ1882 ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲዛወሩም ልማዱን ይዘው ሄዱ። ከረዳቶቻቸው አንዱ፣ ኋላ ራሱ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ሉዊስ ብራንዳይስ ነበር። ግሬይ የራሳቸውን አስተያየት ከመግለጣቸው በፊት የረዳታቸውን ይሰሙ ነበር። በዚያ አገር ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ይሰናበታል፤ ከዳኛው ጋር ቢለያይ የሚያጣው ሹመት የለም።

የእኛ ረዳት ዳኛ ከዚህ የተለየ ነው። አቤቱታውን ይመረምራል፣ የመዝገቡን ፍሬ ነገር ያሳጥራል፣ ሕጉን ይፈልጋል፣ የፍርድ ረቂቅ ያዘጋጃል። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሡ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ከተደረገ ወዲህ፣ ይህ ፍለጋ ቀላል ሥራ አይደለም። ረዳቱ ግን በስተመጨረሻ ወንበሩን ይጠብቃል። ለሹመት ሲታጭም አብሮት የሠራው ዳኛ አስተያየት ክብደት አለው።

ትምህርቱ ያለው የት ነው ቢባል፣ በእኔ ግምት በጭብጥ አያያዝ ላይ ነው። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ተደጋግሞ የሚታየውን ዓይነት የመሬት ክርክር እንውሰድ። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን እንደተነጠቀች ትከሳለች፤ የሟች የወንድም ልጅ «አጎቴ በስጦታ ሰጥቶኛል» ይላል። ከፍርድ ቤት ደጃፍ በሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ የተዘጋጀው ክስ የቤተሰቡን ታሪክ ከሠርግ እስከ ተዝካር ይተርካል። አዲሱ ምሩቅ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ጉዳዩ ቀደም ያለ ከሆነም አዋጅ ቁጥር 133/1998ን ለማግኘት አይቸገርም። የሚቸገረው ምኑ እንደሚያከራክር ለመለየት ነው። ይዞታው የባል ብቻ ነበር ወይስ የባልና የሚስት የጋራ? ስጦታው በጽሑፍ ተደርጎ ተመዝግቧል? ተቀባዩስ ሕጉ ስጦታ እንዲቀበል የሚፈቅድለት ሰው ነው? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 247 ጭብጥ የሚኖረው አንዱ ወገን ያረጋገጠውን መሠረታዊ ነገር ሌላው ሲክድ ነው ይላል። በክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው፤ በችሎት ግን ጭብጡ ከተሳተ የማይፈለጉ ምስክሮች ይጠራሉ፣ ገበሬው ከእርሻው ቀርቶ የአንድ ቀን መንገድ ይሄዳል፣ ይግባኝ ሰሚውም መዝገቡን ነጥብ ይዞ ይመልሰዋል። ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ትምህርት የሚሰጠው ግን ከረዳቱ ጋር የሚከራከር ዳኛ ብቻ ነው። መዝገብ የበዛበት ዳኛ ረቂቁን ሳያነብ ቢፈርም ድካሙ ይገባኛል፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79(3) ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ሲል፣ ስለ ዳኝነት ነጻነት የሚጽፉ ሰዎች የሚያስቡት የሥራ አስፈጻሚውን ጣልቃ ገብነት ነው። የፍርዱ ምክንያት በሌላ ሰው ታስቦ ሲፈረምበትስ? ረዳቱ የዳኛነት ሹመት የለውም፤ በተከራካሪዎች ዘንድም አይታወቅም። በዚህ ላይ ሹመት የሚጠብቅ ወጣት ለዳኛው «ይህ ምክንያት አይቆምም» ለማለት ያመነታል። ሥራውን በአገራችን ተፈላጊ ያደረገው የሹመት ተስፋ፣ ከሥራው የሚገኘውን ዋና ጥቅም መልሶ ያሳጣል። በእንዲህ ያለ ችሎት ሁለት ዓመት የቆየ ሰው የሚወጣው የድሮ ፍርድ እየገለበጠ ስም መቀየርን ተምሮ ነው፤ ለእርሱ ሁለተኛ ዲግሪው ይሻለው ነበር።

ለተመራማሪ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የሕግ ጽሑፎቻችን በአመዛኙ የሚጠቅሱት የታተሙትን የሰበር ውሳኔዎች ነው። በወረዳ ደረጃ የሚያልቁትን መዝገቦች የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ቢያነብም መዝገቡ ሁሉን አይናገርም። በወሎ የነፍስ ግድያ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች ወይም በአበጋሮች ዕርቅ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ምስክሩ ችሎት ቀርቦ «አላየሁም» ይላል፤ ተከሳሹም መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ፍርዱን ብቻ ያነበበ ተመራማሪ የዐቃቤ ሕግን ድክመት ይጽፋል። ረዳት ዳኛ የነበረ ሰው ግን ሽማግሌዎቹን በፍርድ ቤቱ ግቢ አይቷቸዋል፤ ቢያንስ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። በእርግጥ በዳኛው ቢሮ የሰማውና ያረቀቀው ለጥናት አይውልም፤ መዝገብ የሚያስፈልገው ከሆነ እንደ ማንኛውም አጥኚ በደብዳቤ ይጠይቅ።

ስለዚህ በልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ረዳት መሆንና በመካነ ሰላም የወረዳ ችሎት መሥራት ለምርጫ ቢቀርቡልኝ፣ ስማቸውን አላወዳድርም። የክልሉ ጸጥታ በታወከበት ጊዜ ወደ ወረዳ መሄድ በራሱ ከባድ ውሳኔ መሆኑን አልዘነጋም፤ በዚህ ምክንያት የሚቀረውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። መሄድ የሚችል ግን ከመፈረሙ በፊት ሁለት ሦስት ጠዋት ችሎቱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። ዳኛው ምስክሩን የሚጠይቁት መዝገቡን ያላነበበ ሰው ሊጠይቀው የማይችለውን ከሆነ፣ ወንበሩን ይቀበል፤ የሚቆይበትንም ጊዜ ሹመት ቢመጣም ባይመጣም ከወዲሁ ለራሱ ይወስን። ዳኛው ቀና ሳይሉ «ለብይን ተቀጥሯል» እያሉ የሚያልፉ ከሆነ ግን፣ ከችሎቱ ሲወጣ ከእርሳቸው ጋር የሠሩትን የቀድሞ ረዳቶች ፈልጎ ረቂቃቸው ስንት ጊዜ ተሰርዞ እንደተመለሰላቸው ይጠይቅ።