«መድኃኒት አለው» እና «መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው» አንድ አይደሉም



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በደርስ መሀል እጅ ተነስቶ የሚጠየቅ አይደለም። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ተጠብቆ፣ «ኡስታዝ፣ አንዴ ላስቸግርህ» ተብሎ በዝግታ የሚጀመር ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወንድማችን ከዒሻ ሶላት በኋላ እንዲሁ ቀርቦ አናገረን። ኒካሑ ሊታሰር ሁለት ወር ቀርቶታል። ሐኪም ሄርፒስ እንዳለበት ነግሮታል። ከዚያ በኋላ በስልኩ «ሄርፒስን ከነሥሩ የሚነቅል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ፣ ለሰርጉ ካጠራቀመው ብር ላይ አንስቶ በማር የተለወሰ የቅጠል ዱቄት ገዛ። ቁስሉ ከሳምንት በኋላ ደረቀ። አልሐምዱሊላህ ብሎ ሹክር አደረገ። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ወጣ። ሻጩ ጋ ሲደውል «የቂን ይጎድልሃል፤ ሁለተኛውን ዙር ውሰድ» አለው።

ወንድማችን ስለ ቅጠሉ አልጠየቀንም። «የጎደለው የኔ ኢማን ነው ወይ?» ነው ያለን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

በማስታወቂያው አናት ላይ የተለጠፈው ሁላችንም የምናውቀው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነበር፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ። ሐቅ ነው፤ አምነንበታል። ነገር ግን ከሐዲሱ ዘገባዎች በአንዱ፣ መድኃኒቱ ለሚያውቁት የታወቀ፣ ለማያውቁት ደግሞ የተሰወረ መሆኑም ተነግሯል። ሻጮቹ ይህችን ክፍል ይዘሏታል። ሐዲሱ «ፈውስ አለ» ይለናል እንጂ «ፈውሱ ዛሬ በዚህ ሰው ብልቃጥ ውስጥ ነው» አይለንም። እንዲያውም ገና የተሰወረ ነገር ካለ ፈልጉት ማለት ነው። ስለዚህ ሐዲሱ የሚያበረታታው ፈላጊውን ነው፤ ሻጩ ግን ለገበያው ወሰደው።

ለመሆኑ ሄርፒስ ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በብዛት ከንፈር ላይ የሚወጣው ነው። እኛ አገር «ምች መታው» ብለን፣ እናቶቻችን ዳማ ከሴ እያሹ የሚያክሙት የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ50 በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 64 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ቫይረስ በሰውነታቸው አለ። ብዙዎቹ የያዙት በልጅነታቸው በስሞሽ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በብዛት በግንኙነት የሚተላለፈው ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት 520 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይዘውታል። አብዛኞቹ ምንም ምልክት ስለማያዩ እንደያዛቸው እንኳ አያውቁም።

የዚህ ቫይረስ ባሕርይ መደበቅ ነው። ቁስሉን ካወጣ በኋላ በነርቭ መስመር ወደ ውስጥ ይገባል። የፊቱ ራስ ቅል ውስጥ ባለ የነርቭ ቋጠሮ፣ የታችኛው ደግሞ ከወገብ በታች በአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ይተኛል። ተኝቶ ሳለ አይባዛም፣ አያቆስልም፤ የሰውነት መከላከያም አያገኘውም። ድካም፣ ትኩሳት ወይም ጭንቀት ሲመጣ ነቅቶ በዚያው መስመር ወደ ቆዳ ይመለሳል። የኩፍኝ መሰሉ የጉድፍ በሽታ ቫይረስ ከዓመታት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ የሚወጣውም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው።

የማታለያው ሚስጥር እዚህ ላይ ነው። የሄርፒስ ቁስል ቅጠል ተቀባም አልተቀባም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። ሻጩ መድኃኒቱን የሚሰጠው ቁስሉ ባለበት ሰዓት ነው። ሲደርቅ «አዳንኩህ» ይላል፤ ሲመለስ «ኢማንህ ነው» ይላል። በሁለቱም በኩል እሱ አይጠየቅም። ወንድማችን ሆይ፣ የተመለሰው ቁስል የኢማንህ መለኪያ አይደለም። የቫይረሱ ተፈጥሮ ነው።

ማርና ጥቁር አዝሙድ ያላቸውን በረካ አንክድም። ዱዓም ሩቅያም የምናደርገው ነው። «ዋስትና ያለው» ተብሎ ዋጋ ሲለጠፍበት ግን ነገሩ ንግድ ሆነ፤ ንግድ ከሆነ ደግሞ ማጭበርበር ሐራም ነው። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም በመድረሳ የፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ተምረናል።

አሁን በሐኪም እጅ ያለው ምንድን ነው? አሳይክሎቪርና ቫላሳይክሎቪር የሚባሉ እንክብሎች አሉ። ቫይረሱ ሲባዛ ያስቆሙታል፣ ቁስሉን ያሳጥራሉ፤ የተኛውን ግን አይነኩትም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ሰው ቫላሳይክሎቪርን በየቀኑ ሲወስድ ለትዳር አጋሩ የማስተላለፍ ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ ተጋብተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

የተኛውን ለማጥፋት የሚደረገው ፍለጋስ? በአሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ፍሬድ ሀቺንሰን የካንሰር ማዕከል ውስጥ ኪት ጀሮምና ማርቲን ኦበር የተባሉ ተመራማሪዎች ከቡድናቸው ጋር ዓመታት ፈጅተውበታል። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ በሽታ የማያስከትል ሌላ ቫይረስን እንደ መልእክተኛ ይልኩታል። መልእክተኛው ወደ ነርቭ ቋጠሮው ገብቶ የሄርፒሱን ዘረመል ብቻ ለይቶ የሚቆርጥ መቀስ ያደርሳል። የተቆረጠውን ሴሉ ራሱ እንደ ቆሻሻ ይጠርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይጦች ነርቭ ከተኛው ቫይረስ ከ90 በመቶ በላይ ማጥፋታቸውን አሳተሙ። በ2024 ደግሞ ዘዴውን አቅልለው፣ በፊት ላይ ከያዘው 90 በመቶ፣ በብልት ላይ ከያዘው 97 በመቶ ማስወገድ እንደቻሉ ጻፉ።

ልብ በሉ፤ በአይጥ ነው። እነሱ ራሳቸው ይህን አልደበቁም። የሰው ነርቭ ቢጎዳ የሚተካ አይደለምና፣ ደህንነቱ ሳይረጋገጥ ወደ ሰው አይኬድም። በዚያው በ2024 ቀድሞ ግላክሶስሚዝክላይን ይባል የነበረው ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ፣ የሄርፒስ ክትባቱ በሙከራ የተፈለገውን ውጤት እንዳላመጣ ራሱ በይፋ አስታውቆ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንደማይወስደው ተናገረ። ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ነገር «አልሠራም» አለ። የኛ ሻጭ ግን በአንድ ሰው ላይ እንኳ ሳይመዘግብ «መቶ በመቶ» ይላል።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመለየት ከማንም በላይ የቀረብን ነን። ሰነዱ ያልታወቀ ሐዲስ ሲመጣልን «ማን ከማን ሰማው?» እንላለን፤ ዘጋቢው ማን እንደሆነ፣ ሐቀኛነቱን፣ የማስታወስ ችሎታውን እንመረምራለን። ለመድኃኒትስ ለምን ሰነድ አንጠይቅም? በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? መድኃኒቱን ካልወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ ምን ሆኑ? ማን አየው? ይህን የማይመልስ ሰው ሰነድ የሌለው ዘጋቢ ነው፤ ንግግሩ ተቀባይነት የለውም።

አሁን ለጀመዓችን ሁለት ነገር እንበል።

አንደኛው፦ በሽታውን የፍርድ ወረቀት አናድርገው። ሰው ከልጅነቱ፣ ከቀድሞ ትዳሩ ወይም ካለፈ ስህተቱ ይዞት ሊሆን ይችላል። ስህተትም ቢሆን የተውባ በር ክፍት ነው፤ የወንድምን ነውር መሸፈንም ዲናችን ነው። ወጣቱን ወደ ሻጩ የሚገፋው የኛ ሹክሹክታ ነው። ሐኪም ጋ ሲታይ እንዳናየው ፈርቶ በስልክ ይገዛል።

ሁለተኛው፦ ኒካሕ የሚያስብ ያለበትን አይደብቅ። «ድኛለሁ» ብሎ በቅጠል ማስረጃ ወደ ትዳር መግባት ሌላውን ማታለል ነው። ቫይረሱ ቁስል በማይታይበት ጊዜም ሊተላለፍ ይችላል። እርጉዝ እህቶቻችንም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ መተላለፉ ብርቅ ቢሆንም ሲደርስ ከባድ ነውና፣ ከታወቀ ሐኪም ይጠነቀቅበታል።

ያ ወንድማችን ሁለተኛውን ዙር አልገዛም። ከእጮኛውና ከወንድሟ ጋር ተቀምጦ ነገራት፤ አብረውም ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የወሰኑት የነሱ አማና ስለሆነ እዚህ አንጽፈውም። ሊነግረን በመጣበት ምሽት ግን ስለ ኢማኑ አልጠየቀንም።

ከእናንተ ውስጥ ባዮሎጂ፣ ፋርማሲና ሕክምና የምትማሩ አላችሁ። የተሰወረው ፈውስ በእናንተ እጅ ይገለጥ ይሆናል፤ ኒያችሁን አስተካክሉና ተማሩ። የታመማችሁ ደግሞ ሶብር አድርጉ፤ ሰበቡን ከሐኪም፣ ሺፋውን ከአላህ ጠይቁ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ ከአታላዮችም ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።