መርፌው ሳይለወጥ ሸክላው አይዙር

ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱምበት ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይወስደዋል እንጂ ሞፈርና ቀንበሩን አውጥቶ አይጥልም። አዝማሪም የመሰንቆው ጭራ ሲበጠስ ሌላ የፈረስ ጭራ ይፈልጋል እንጂ መሰንቆውን ለማገዶ አይሰጥም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያረጀ እንደ ሆነ ከሁለት አንዱን ስናደርግ እንታያለን፤ ወይም ማጫወቻውን ከነሸክላው አልጋ ሥር ወርውረን እንረሳዋለን፤ ወይም በዚያው ባረጀው መርፌ እያጫወትን ሸክላውን እናበላሸዋለን። የኔ አሳብ ሁለቱም ክፉ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል የሚል ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። በመጪው የወላጆች ቀን በየቤቱ የሚገኘው አሮጌ ሸክላ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥቶ በሕዝብ ፊት ይሰማ የሚል አሳብ በተማሪዎች መካከል ቀርቧል። አሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «የማጫወቻው መርፌ ስንት ዓመት ሠርቷል?» ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልሰማሁም። የሰው አደራ ከመቀበላችን በፊት መጠየቅ የሚገባው ግን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የሸክላን ዋጋ እንመልከት። ድምፅን ቀርፆ ማኖር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ. ኤ. አ. በ1899 ዓ. ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የሚላክ ቃላቸውን ከሰም በተሠራ ቱቦ መሰል ዕቃ ላይ አስቀርፀዋል። ንግሥቲቱ አስቀድመው የላኩት ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ተደረገ ዛሬ የለም፤ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ስለ ኖረ እስከ ዛሬ ይሰማል። ሰሙ ያው ሰም ነበር፤ አንዱን ያኖረው ጠባቂ ማግኘቱ ነው። ከዚያም በኋላ የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጀርመን አገር ዘፈኑን በሸክላ አስቀርፆ፣ በድምፅ ቀረፃ ታሪካችን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆነ።

እ. ኤ. አ. በ1948 ዓ. ም. ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ዓ. ም. ግን አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ድርጅት በድፍረት አቋቁሞ፣ እስከ 1975 ዓ. ም. ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትናንሽና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ቀጥሎም ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። እነሆ ዛሬ በየቤታችን ያለው ሸክላ የዚያ ዘመን ቅሬታ ነው፤ የተሰበረው ወይም የተበላሸው በሌላ አይተካም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዘፈኑ ሁሉ በስልክ ይገኛል፤ ለአሮጌ ሸክላ ምን ያስጨንቃል?» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ. ኤ. አ. ከ1998 ዓ. ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ብዙ ዘፈኖችን ሰብስቦ እንደ ገና አሳትሟል። ብዙ ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። ያልተገለበጠ ዘፈን ያለበት ሸክላ በአንድ አዛውንት ሣጥን ውስጥ ቢገኝ፣ ያን ሸክላ ያበላሸ ሰው መጽሐፍን ሳይነበብ እንዳቃጠለ ይቈጠራል።

አሁን ስለ መርፌው እንነጋገር። በሸክላው ፊት ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር ትልም ነው። ድምፁ የተጻፈው በትልሙ ግድግዳ መታጠፍና መዋዠቅ ላይ ነው። መርፌው በትልሙ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ መርፌው የተሰካበት ካርትሪጅ የተባለው ትንሽ ዕቃ ያን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ማጉሊያው ደግሞ ኤሌክትሪኩን አጉልቶ ያሰማናል። መርፌው በሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት በደኅና ማጫወቻ ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ነው። ነገር ግን ጫፉ ከጠጕር የቀጠነ ስለ ሆነ፣ በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈው ጫና እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ የመርፌ ማርጀት ከማረሻ መዶልዶም ይለያል። የዶለዶመ ማረሻ መሬቱን አይቈርጥም፤ ያረጀ መርፌ ግን ሁለት ጎኑ ተሞርዶ እንደ ምሳር ጠርዝ ስለሚሆን የትልሙን ግድግዳ ይፍቃል። የተፋቀውም ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ በኋላ የወርቅ መርፌ ቢገዙለት ሸክላው የሚያሰማው ማንኰራፋት ብቻ ነው።

የመርፌ ዕድሜ በሰዓት ይቈጠራል። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ በአሮጌ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሰንፔር መርፌ ግን ከአልማዝ እጅግ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ሒሳቡን እንሥራ። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ ዘፈኑ 3 ደቂቃ ቢሆን 135 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በዚህም መርፌው 60 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ500 ሰዓት ውስጥ 10,000 ዘፈን አጫውቶ 600 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ይኸውም ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ደርሶ ከመመለስ የሚያንስ መንገድ አይደለም። ይህን ሁሉ የተጓዘ መርፌ ዕረፍት ቢሰጠው አይፈረድም።

መለወጡ ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። በካርትሪጁ ላይ የተጻፈውን ስምና ቍጥር አንብቦ ለዚያው የሚስማማውን መርፌ ማግኘት ይገባል። ኤሌክትሪኩ ይዘጋ፤ ክንዱም በመያዣው ይታሰር። በብዙዎቹ ዘንድ መርፌው ያለበት ፕላስቲክ በሁለት ጣት ተይዞ ወደ ፊት ሲሳብ ይወጣል፤ አዲሱም በዚያው መንገድ ይገባል፤ ጫፉን ግን በጣት መንካት አይገባም። ቀጥሎ የክንዱን ክብደት አስተካክሎ፣ ሸክላውን ከአቧራ አጽድቶ፣ በመጀመሪያ ብዙ በማያሳዝን ሸክላ መሞከር ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ ለሚዞረው ለጥንቱ ሸክላ ግን ትልሙ ሰፊ ስለ ሆነ ለብቻው ወፍራም መርፌ ያስፈልገዋል።

«መርፌውስ ከየት ይገኛል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። በየሱቁ አይገኝም። የታወቀው የአሜሪካ ድርጅት ሹር እንኳ እ. ኤ. አ. በ2018 ዓ. ም. ካርትሪጅና መርፌ መሥራት አቁሟል። ሆኖም በ1873 ዓ. ም. የልብስ መርፌ በመሥራት የተጀመረው የጃፓኑ ጂኮ ዛሬም ለአሮጌ ካርትሪጆች የሚሆን መርፌ ይሠራል። ዕቃው በደብዳቤ ውስጥ የሚላክ ያህል ቀላል ነው፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ጫማ ላክልኝ በሚልበት አፉ መርፌም ቢጠይቅ ነውር የለውም። በሻንጣ መልክ የሚሸጠውን ርካሽ ማጫወቻ ገዝቶ አሮጌውን ከመጣል ግን ይጠንቀቅ፤ ብዙዎቹ ሸክላውን የሚጫኑት ከደኅናው ማጫወቻ በከበደ ክንድ ነው።

እስከዚያው ምን ይደረግ? አባቶቻችን በመንዝ ጌራ ያለውን የጓሳ ሣር ቄሮ በተባለው ሥርዓት ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይዘጉት ነበር። የዘጉት ጠልተውት አይደለም፤ ሣሩ ደርሶ ሁሉም እንዲያጭደው ነው። እኛም መርፌው እስኪለወጥ ድረስ ሸክላውን እንዝጋ። በርግጥ ይህ ያለ ጭካኔ የሚባል ፍርድ አይደለም። የጕልምስናቸውን ዘፈን አንድ ጊዜ ብቻ ልስማ ለሚሉ አያት «ይቈዩ» ማለት ያሳፍራል፤ ዕድሜ እንደ ጓሳ ሣር ተዘግቶ አይጠብቅምና። ስለዚህ መዝጋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ፈጥኖ መርፌውን ማምጣት ግዴታችን ነው።

በመጨረሻ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለወላጆች ቀን ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ ከጌጡ አስቀድሞ የመርፌው ዋጋ ይነሣ። ሁለተኛ፣ መርፌው የሠራበት ሰዓት በደብተር ይመዝገብ፤ ያለ መዝገብ ማርጀቱ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ በአዲሱ መርፌ የሚሰማው እያንዳንዱ ሸክላ በባለቤቱ ፈቃድ በዚያኑ ጊዜ ይገልበጥና ሸክላው ወደ ሣጥኑ፣ ግልባጩ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ይግባ። ይህ የማይቻል ከሆነ ወላጆቻችንን ሸክላ አምጡ ብለን አንጠይቅ። ከሰው የተዋሰውን ቀዳዶ የሚመልስ ሁለተኛ አያገኝም፤ እነዚህ ሸክላዎች ግን ለባለቤቶቻቸውም ሁለተኛ የላቸውም።