የታዳጊው መዝገብ ከ12 ዓመቱ ይጀመር

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ በታዳጊ ፕሮጀክቶች የሚሠለጥኑ ልጆችን ዕድሜና የሥልጠና ዘመን ስለ መመዝገብ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች የሚኖር ወላጅ ልጁን ወደ ታዳጊ ፕሮጀክት፣ ማለትም አንድ አሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ በበጎ ፈቃድ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ወደሚያሠለጥንበት ቡድን ሲልክ፣ ታኬታውን የሚገዛው፣ የባጃጁን የሚከፍለውና ልጁ ከትምህርቱ እንዳይዘናጋ የሚከታተለው ራሱ ነው። ወላጆች ያወጡት ገንዘብ ይመለስልን አይሉም። የሚጠይቁት ልጁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደና የት እንደሠለጠነ በእውነት የሚናገር መዝገብ እንዲኖር ነው።

የሰፈር ውድድሮች የሚበዙት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ኳሷ አትንከባለልም፤ ስለዚህ ኳስ በስሱ የሚነካውና አሻግሮ የሚያየው ትንሽ ልጅ ተጠባባቂ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ጉልበት ያለው ኳሷን ከጭቃው አውጥቶ ወደ ፊት ይመታታል። ዋንጫ የሚፈለግበት አሠልጣኝም ግዙፉን ይመርጣል፤ ግዙፉም አንዳንድ ጊዜ ዕድሜው የተቀነሰ ነው። በዚህ ድርጊት የወላጅም እጅ እንዳለበት መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ዕድሜውን በትክክል ያስመዘገበው ልጅ ቦታውን ሲነጠቅ ከሜዳ የሚቀረው በችሎታው አንሶ አይደለም፤ አገርም ያጣችው ማንን እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች።

ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው የዓለም ዋንጫ ኤምአርአይ በተባለው መሣሪያ የእጅ አንጓ ምርመራ ይጠቀማል፤ በአንጓው አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የእድገት ክፍተት ፈጽሞ ተዘግቶ ከታየ ተጫዋቹ ከ17 ዓመት የማለፉ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። ምርመራው ግን የቆመው በ17 ዓመት ደጃፍ ላይ በመሆኑ፣ 15 ዓመት ሆኖት 13 ነኝ የሚለውን ልጅ አይለይም፤ በየሰፈሩ ሜዳ የሚፈጸመውን በደል የሚያስቀረው ገና ከልደት የተያዘ ማስረጃ ብቻ ነው።

ይህን ለማድረግ ደግሞ እንደ አሁኑ የተመቸ ጊዜ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍቺን በመንግሥት መዝገብ የማስፈር ሥራ፣ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ሰሞን የተወለደ ሕፃን በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ 12 ዓመት ይሞላዋል።

12 ዓመት በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በፊፋ የዝውውር ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ይህም የአጋርነት ክፍያ ይባላል። ለ12፣ ለ13፣ ለ14ና ለ15 ዓመት ዕድሜው በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 8 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ 0.5 በመቶ ስለሚታሰብ፣ በ1 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ድርሻ 10,000 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡ የሚከፈለው በተጫዋቹ ፓስፖርት፣ ማለትም የተመዘገበባቸውን ክለቦች በየዘመናቸው በሚዘረዝረው ሰነድ መሠረት ነው፤ በፌዴሬሽን ያልተመዘገበ የሰፈር ፕሮጀክት ግን ልጁን ለዓመታት ቢደክምበትም በዚያ ሰነድ ላይ ስሙ አይገኝም። 10,000 ዶላር ለትልቅ ክለብ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ልጅ በአንድ ኳስ ለሚያሠለጥን ሰው ግን የብዙ ዓመት ኳስና ማሊያ ነው።

ባሕር ዳር ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በስታዲየሟ ብሔራዊ ቡድኑ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ያየች፣ በኋላም ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ የተከለከለባት ከተማ ናት። ስታዲየሙ መስተካከሉ የሁሉም ምኞት ነው፤ ሆኖም መቀመጫና መብራት ብዙ ገንዘብ ሲፈልጉ፣ እዚህ የተጠየቀው መዝገብ ከወረቀት፣ ከኮምፒዩተርና ከቁርጠኝነት የበለጠ ብዙም አይጠይቅም።

በመሆኑም ፌዴሬሽኑ ከቢሮው ጋር ተባብሮ ከሽምብጥ እስከ ዘጌ፣ ከዘጌም እስከ ጎርጎራ ያሉትን ፕሮጀክቶች በሕጋዊ አባልነት እንዲመዘግብ፣ 12 ዓመት ለሞላው ልጅ ሁሉ በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ የተመሠረተ መታወቂያ እንዲሰጥና ቅጂውን ለወላጅ እንዲያስረክብ ይጠየቃል። ወላጅም የልጁን ዕድሜ ትክክለኛነት በፊርማው ያረጋግጥ፤ ሐሰት ሆኖ ሲገኝም ተጠያቂው የፈረመው ወላጅና እያወቀ ያሰለፈው አሠልጣኝ ይሁኑ እንጂ፣ ልጁ በትክክለኛ ዕድሜው ከእኩዮቹ ጋር መጫወቱን እንዲቀጥል ይፈቀድለት።