ሻንጣ ሳይፈታም ጎመን ይተከላል

በዚህ እትም ስለ ጓሮ አትክልት እናወራለን። «በካኩማ ፀሐይ? በዚህ አሸዋ? ምን ነካቸው!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም እንደዚያው ስንል ስለከረምን አንፈርድባችሁም።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን እጃችንን ያሰረው ፀሐዩ ብቻ አይደለም። የብሎካችንን አንዲት እናት ለምን አንድ ጆንያ ጎመን እንደማትተክል ብንጠይቃት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ፣ ለማን ብዬ?» አለችን። ይህን ካለችን ሦስት ዓመት አለፈ። ፕሮሰሱም አላለቀ፣ ጎመኑም አልተተከለ። ብዙዎቻችን እንደ እሷው ነን። መትከል ማለት እዚሁ ለመቅረት መስማማት ይመስለናል። ጎመን ግን ችግኙ ከተተከለ በሁለት ወር ገደማ ለድስት ይደርሳል። የጉዞው ቀን ቀድሞ ከመጣ ደግሞ እሰየው ነው! ለጎረቤት ተመርቆ ይሰጣል እንጂ ጆንያ ማንንም አያስቀርም።

ጥቅሙስ? የራሽን እህልና ዘይት ሆድ ይይዛል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ልጅ ለማሳደግ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ራሽኑ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያችው ላይ ሸጦ ሱኩማ መግዛትም ከበደን። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኤ አለው፤ የዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው ዳፍንት የሚያመጣው። ነፍሰ ጡርና ሕፃናትን ለሚያጠቃው ደም ማነስ ደግሞ አይረን ያስፈልጋል። የአተሩና የጎመኑ አይረን ለሰውነት እንዲሆን ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ሻዩንም ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ መጠጣት ይረዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የቆየ የፍየል በጠጥ ጋር ቀላቅሉ። አፈሩን ከላጋው ዳር ካለው ደለል፣ በጠጡን ማገዶ ከሚያመጡልን የቱርካና እናቶች መጠየቅ ይቻላል። ከላይም ከታችም የተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ በጆንያው መሐል አቁሙና ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር ጠቅጥቁ። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ሳብ እያደረጋችሁ እስከ አፉ ድረስ እንዲሁ ቀጥሉ። ውሃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። የጆንያውን ጎን በስንዝር በስንዝር ብሱና አራት ቅጠል ያወጣውን ችግኝ ትከሉ። ስትለቅሙ የታችኛውን ቅጠል ብቻ፤ አናቱን ከተዋችሁለት ለወራት ያበላችኋል።

«ውሃውስ? ለመጠጥ እንኳ ቧንቧ ላይ እየተጣላን!» ትክክል ነው። ስለዚህ ከጀሪካኑ አትቀንሱ፤ የአትክልትና የዕቃ እጣቢ አትድፉ። ብዙ ሳሙና ወይም በረኪና ያለበት ግን ይገድለዋል። እጣቢውን ሳታሳድሩ ማታ ማታ አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፤ ቅጠሉንም አብስሉ እንጂ ጥሬውን አትብሉ። ለቀትሩ ፀሐይ ጥላ፣ ለፍየል ደግሞ የእሾህ አጥር ያስፈልገዋል።

ጎመን ለሙቀቱ አልበገር ካለ ለእንጀራ ካልሆነ አይሆንም ብለን አንድረቅ። የደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ኩድራና ባሚያ፣ ኬንያውያኑ ደግሞ ኩንዴ ይተክላሉ፤ እነዚህ ሙቀት ይችላሉ። እፍኝ ዘር ለመለመን ቋንቋ ማወቅም አያስፈልግም። በቧንቧ ወረፋ የተኮራረፉ ሁለት ቤቶች በአንድ መደብ ኩድራ ሲታረቁ አይተናል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው በካሎበዬይም የጓሮ አትክልት ከመነሻው የዕቅዱ አካል ነበር፤ ስለዚህ የእኛ ነገር ቅዠት አይደለም።

ያቺ እናት ባለፈው ሰሞን መጥታ «ኧረ እስቲ ከችግኛችሁ አምጡ፣ ልጆቹ ይጠብቁታል» አለችን። ሻንጣዋ አሁንም አልጋው ሥር ነው። ጆንያውም በሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱ አልተጣሉም።

ችግኝ የተረፋችሁ ለሌለው አካፍሉ። ጎመን በጤና ነውና፣ በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።