«አባባ፣ ሶማሌ ተራም የለም አሉኝ!»

በዚህ ሳምንት የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌያቸዋለሁ። («ሁለት ወንድ እኩል ወደድኩ» ያልሽኝ እህቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ተራሽ ይደርሳል!) ምክንያቱም ከወደ እንጅባራ ልጆች በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ እጄ ገብቶ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁ «ስሜን አደራ» ስላለኝ ነገሩን ብቻ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

ዕድሜው 26 ነው። አዲስ አበባ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ደመወዙን «ከወር ወር የማያደርስ» ይለዋል። አባቱ እንጅባራ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር አንድ የድሮ ላንድሮቨር ቆሟል። ከቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ዶሮ ይታቀፍበታል። ሽማግሌው ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው ይወለውሉታል። «የጎደለው አንድ የኋላ ሻፍት ነው፤ እሱ ከተገኘ ይነሳል» ይላሉ።

ልጁ ሊያገባ ነው። ወንድሞቹ ተማክረው ጨርሰዋል፡- መኪናው በኪሎ ተሽጦ ለሠርጉ ይሁን። ቆራሌው ግቢ ድረስ መጥቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ፣ በጣቱ ቆርቁሮ ዋጋ ሰጥቷል። አባትየው እምቢ! እስቲ ልጁ ራሱ የጻፈውን አንብቡት፡-

«ቤት በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ 'ሶማሌ ተራ ሄድክልኝ?' ብለው ነው። እኔም 'ሄጄ ነበር አባባ፣ የለም አሉኝ' እላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሶማሌ ተራን አንድ ቀን እንኳ ረግጬው አላውቅም። አሁን በየት አፌ 'ይሸጥ' ልበላቸው?»

እህ! ወንድሜ፣ አንተ የጠየቅኸኝ ስለ መሸጥ ነው። እኔን የቆረጠኝ ግን «የለም አሉኝ» የምትለዋ ናት። ለምን እንደቆረጠችኝ ላጫውትህና ወደ አንተ ጉዳይ እንመለሳለን።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእንጅባራ ቻግኒ ላንድሮቨር ይነዳ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ክረምት፣ እኔ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጭቃ ዳገት ላይ የኋላው ሻፍት ጧ! ብሎ ተሰበረ። ለማታውቁት፡- ይህ ሻፍት የሞተሩን ጉልበት ከዲፈረንሻሉ ተቀብሎ ለጎማው የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። እሱ ከተሰበረ ሞተሩ ቢያጓራም ጎማው አይዞርም። ላንድሮቨር ግን አራቱም ጎማ የሚጎትትበት ማርሽ አለውና፣ አጎቴ እሱን አስገብቶ በፊት ጎማ ብቻ እየተሳበ ከተማ ገባ። ይህን ታሪክ ሲያወራ ያየ ሰው ዓድዋ የዘመተ ነበር የሚመስለው!

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ እዚያው ዳንግላ፣ የጋራዦች ጓሮ። እኔም ዕቃ አቀባይ ሆኜ ተከተልኩ። እናቴ «ሴት ልጅ ጋራዥ ምን ትሠራለች?» ብላ ብትጮህም የሚሰማት አልነበረም። ወይ ያ ጓሮ! ሣሩ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። በሣሩ መሐል የፊያት ቴስታታ፣ የዛገ ራዲያተር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ በር፣ መስታወቱ የወደቀ ስፖኪዮ። ባላስትራ እንደ እንጨት ተከምሯል፤ ቀጥቃጮች መጥተው ለማረሻና ለማጭድ ይመርጡታል። ጋሪ ሠሪዎች ደግሞ ጎማና ኩሽኔታ ፍለጋ ይመጣሉ። የእኛ አገር የፈረስ አገር ነው። ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ይመሰክራል። ታዲያ ፈረሱ የሚጎትተውን ጋሪ ዝቅ ብላችሁ ብታዩት፣ እግሩ የሞተ መኪና እግር ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት እዚያ ጓሮ ውስጥ ነው።

ጣልያንኛም የተማርኩት እዚያው ነው፣ ሳላውቀው! አጎቴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ «ካቻቪቴ! ፒንሳ! ዳዶ!» እያለ ሲጣራ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ... ጣልያን በ1928 መጥቶ በ1933 ሲወጣ አፉን ጋራዥ ውስጥ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። ዛሬም አንድ የተማረ ሰው ጣልያንኛ ሲናገር ስሰማ የተበላሸ መኪና የሚያሠራ ይመስለኛል።

ዳንግላ ጠፋ። እንጅባራም ጠፋ። በቃ፣ አዲስ አበባ! አክስቴን እጠይቃለሁ በሚል ሰበብ እኔም ተጫንኩ። ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ ተሰልፈን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ አባይ በረሃ ወረድን። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አጎቴ የተሰበረውን ሻፍት በጆንያ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቶታል። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል፤ እኔ ደግሞ በኀፍረት ልሞት!

ሶማሌ ተራን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መርካቶ መሐል፣ መሬቱ በዘይት ጠቁሮ፣ ሞተር እንደ ሽንኩርት ተደርድሮ፣ በር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ። «የምን መኪና ነው? ምን ጠፋሽ እናት?» እያሉ እጅ የሚጎትቱ ደላሎች። (የአዲስ አበባ ሾፌሮች ቀልድ ታውቁት ይሆናል፡- ሌሊት ስፖኪዮህ ከተሰረቀ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄደህ የራስህን መልሰህ ትገዛዋለህ ይላሉ። ስፖኪዮና መብራት ላይ የታርጋ ቁጥር የሚቀረጸው ለዚህ ነው።)

አንዱ ደላላ ሻፍት ይዞ መጣ። አዲስ ይመስላል፣ ያበራል። «ጋሼ፣ ይኸው የላንድሮቨር፣ ዓይንህን ጨፍነህ ግጠመው!» አጎቴ ዝም ብሎ በአውራ ጣቱ ጫፉ ላይ ያሉትን ጥርሶች መቁጠር ያዘ። የእኛ ጥርሱ 10 ነው። የደላላው 24። ያኛው የኋላ ኋላ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ነው፤ እኛ መኪና ውስጥ በመዶሻም አይገባ። «ይህ እኮ ለልጅህ ነው፣ አባትየውን አምጣልኝ» ብሎ መለሰለት። ደላላው ራሱ ሳቀ።

ሦስት ቀን ዞርን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት አጎቴ ከእኔ ጋር አሥር ቃል አውርቶ አያውቅም ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን፣ አንዱ ሱቅ ደጃፍ ሻይ ስንጠጣ፣ ሌላው ጋ ባለቤቱ ከምሳ እስኪመለስ ስንጠብቅ፣ ሁሉን ነገረኝ። ረዳት ሆኖ የጀመረበትን ቀን፣ ቡሬ ላይ ሊያገባት ፈልጎ ቤተሰቦቿ «ሾፌር አንፈልግም» ብለው የከለከሉትን ልጅ፣ ለምን ሳያገባ እንደቀረ። ዕቃ ስትጠብቅ ሌላ ምን ሥራ አለ? ታወራለህ።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ክምር ሥር 10 ጥርስ ያለው ተጎትቶ ወጣ። አጎቴ ወደ ብርሃን አዙሮ ጥርሱ እንደ ገመድ አለመጠምዘዙን አየ፣ ከፈለ፣ ተመለስን። ዳንግላ ደርሰን ስንገጥመው... አጠረ! ለካ የቀኙና የግራው ሻፍት ርዝመታቸው ይለያያል፤ እኛ የገዛነው የወዲያኛውን ጎን ነው። በዘይት የተጨማለቀው ስብርባሪ ጆንያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ በደስታ ብዛት ሳናስተያየው ገዝተናል! እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አጎቴ ግን ሻፍቱን ጠርጎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠውና «የሱም ቀን ይመጣል» አለ። አምስት ወር ሳይሞላ የወዲያኛው ጎን ተሰበረ። እልልታዬ ሠፈሩን አናጋው!

አሁን ይህ ሁሉ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ትልካለህ፣ ዋጋ ይነገርሃል፣ ብሩን በስልክ ታስተላልፋለህ፣ ዕቃው በመኪና ይላክልሃል። የዳንግላ ጓሮዎችን ዛሬ ብታያቸው ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ሲጭን የከረመ አይሱዙና የባጃጅ አጥንት ነው የሚበዛው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጨርሶ እንዳይገባ ተባለ። የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ እሱ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ እንደ ድሮው ጆንያ ታቅፎ ተነስቶ የሚሄዱበት አይደለም።

ድሮ ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ኧረ በጭራሽ! ያ ላንድሮቨር ጭሱ ሰው ይገድላል፤ ፍሬኑን ለመያዝ ሁለቴ ሦስቴ መርገጥ ነበረበት። የናፈቀኝ ሻፍቱ ሳይሆን ያ ሻይ ነው።

እና ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልምጣ። አባትህ የሚጠይቁህ ስለ ብረት ብቻ ይመስልሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ «የለም አሉኝ» ብለህ ስትመልስላቸው አንድም ቀን «የትኛው ሱቅ ጠየቅህ? ማን ነው የለም ያለህ?» አላሉህም? ሾፌር ናቸው እኮ! እኔ እንደምገምተው ካወቁ ቆይተዋል። አውቀው ዝም ካሉህ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ የመሸጡን ወሬ አቁም። ለወንድሞችህም «ከሠርጉ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡኝ» በላቸው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሂድና፣ አባትህ ኮፈኑን ሲከፍቱ አጠገባቸው ቁም፣ ጨርቁን ተቀበላቸው። ሰው በሌለበት፣ በቡና ላይ ሳይሆን እዚያው መኪናው ጋ፣ «አባባ፣ ሄጄ አላውቅም ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ» በል። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ! ከዚያ አሮጌውን ሻፍት አብራችሁ አውጡት። ጥርሱን ቁጠር፣ ርዝመቱን ለካ፣ በእጅህ ያዘውና ይዘኸው ና። አዲስ አበባ ስትመለስ የእውነት ሂድ። ሻጩን በስልክ ከአባትህ ጋር አገናኛቸው፤ እሳቸው ይከራከሩ፣ አንተ ሻይ ጠጣ። አደራ፣ ከዚያው ላይ የፍሬን ዕቃ አሮጌ እንዳትገዛ፤ እሱ አዲሱን ነው።

ካልተገኘስ? ያኔ መሸጡን ራሳቸው ያነሱት ይሆናል፤ ካላነሱትም ቃሉ የእሳቸው ነው። ቢሸጥ እንኳ ለቆራሌው በደፈናው አትስጡት። የላንድሮቨር አካል አብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ቀልጦ ድስት የሚሆን፣ ከብረት በላይ የሚያወጣ። በብረት ሒሳብ መዝኖ ሊወስድላችሁ ነው ሰውየው ዙሪያውን እየዞረ በጣቱ ሲቆረቁር የዋለው! ካምቢዮውና ሞተሩ ደግሞ ለብቻቸው ፈላጊ አላቸው።

እጮኛህን በተመለከተ፣ ደብዳቤህ ውስጥ ስለ እሷ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። ይህን ጉዳይ ታውቃለች? ካላወቀች ዛሬ ማታ ንገራት። ምናልባት 200 ሰው የሚጠራበትን ድግስ 80 ላይ ለማቆም ከወንድሞችህ ይልቅ እሷ ትቀልህ ይሆናል።

እና ደግሞ፣ አባትህን ጠይቅና ጻፍልኝ፡- የተሰበረው የቀኙ ነው የግራው?